መኪናው ምን እያለ ነው? በእሽቅድምድም ሲሙሌተር ላይ ሴታፕ ማስተካከል



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ከቤት ሲመለስ ላፕቶፑንና ያገለገለ መሪ ከነፔዳሉ ይዞ ወደ ዶርማችን መጣ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዐስር ከሰገድን በኋላ መግሪብ እስኪደርስ ባለችው ሰዓት ተራ እየጠበቅን «አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ» የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ሲሙሌተር መንዳት ልማድ ሆነብን። የእኔ ዙር ከፈጣኖቹ ሰዎች ዙር ስድስት ሰከንድ ያህል ይዘገይ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አንድ እጅግ ፈጣን ሰው የሠራውን ሴታፕ አውርጄ ጫንኩና ወጣሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናው ዞረ። በሁለተኛው ዙርም እዚያው ቦታ ላይ ዞረ። ከጎኔ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቀው ጓደኛዬ ግን ጨዋታው ራሱ ይዞት የሚመጣውን ሴታፕ ሳይነካ ከእኔ የተሻለ ሰዓት ያስመዘግብ ነበር።

ሴታፕ ማለት የመኪናው ክፍሎች ለአንድ መንገድ፣ ለአንድ አየር ሁኔታና ለአንድ ሹፌር እንዲስማሙ የሚደረግላቸው ማስተካከያ ነው፤ የጎማ ንፋስ፣ የሞላ ጥንካሬ፣ የፍሬን ክፍፍል፣ የኋላ ክንፍና የመሳሰሉት። ያወረድኩት ፋይል ስሕተት አልነበረበትም። ለባለቤቱ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነበር። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ነገሩ የሰው ላብ ሪፖርት እንደ መገልበጥ ነው፤ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ መምህሩ «ይህ ከየት መጣ?» ሲል ግን ገልባጩ መልስ የለውም። በዚህ ጽሑፍ ቁጥሮቹን ሳይሆን ጥያቄዎቹን እንመለከታለን። ጥያቄውን የያዘ ሰው በየትኛውም መኪናና በየትኛውም ሲሙሌተር መልሱን ራሱ ያገኛል።

ስሙ ራሱ ይናገራል

አሴቶ ኮርሳን የሠራው ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የተባለ የጣሊያን ድርጅት ነው። በጣሊያንኛ «አሴቶ» መኪናው የሚቆምበት አቋምና ማስተካከያ፣ «ኮርሳ» ደግሞ እሽቅድምድም ማለት ነው። ስለዚህ የጨዋታው ስም ቃል በቃል «የእሽቅድምድም ሴታፕ» እንደ ማለት ነው። እኛ የምንነዳው «ኮምፔቲዚዮኔ» የተባለው ክፍል ሙሉ ሆኖ የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዋና ትኩረቱ ጂ.ቲ. 3 በሚባለው ምድብ ውስጥ በእውን የሚወዳደሩት እንደ ፌራሪ፣ ፖርሽ፣ መርሴዲስና ቢ.ኤም.ደብሊው ያሉ መኪኖች ናቸው።

የእኛም ጋራዥ ከጣሊያንኛ ብዙ ወስዷል። ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የሴታፑ ገጽ በመቶ በሚቆጠሩ ቁጥሮች ሲያስፈራችሁ፣ ግማሹን በሰፈራችሁ ጋራዥ በር ላይ ስትሰሙት እንዳደጋችሁ አስታውሱ።

መጀመሪያ ሹፌሩ

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የአየሩን ሁኔታ የማይለዋወጥ አድርጋችሁ፣ ነዳጁን በእኩል መጠን ሞልታችሁ፣ ጨዋታው ይዞት በሚመጣው ሴታፕ አሥር ዙር ንዱ። ጨዋታው ለእያንዳንዱ መኪና ቢያንስ ሁለት ዝግጁ ሴታፖች ያቀርባል፤ አንዱ «ሴፍ»፣ ሌላው «አግሬሲቭ» ይባላል። ለጀማሪ የሚሻለው «ሴፍ» ነው።

አሥሩን ዙር ስትጨርሱ ሰዓቶቹን ጻፏቸው። በፈጣኑና በዘገምተኛው ዙር መካከል የሁለት ሰከንድ ልዩነት ካለ ሴታፕ ለመቀየር ጊዜው ገና ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ጥሩ ማስተካከያ የሚያስገኘው ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አሥረኛ ክፍሎች ጥቂቱን ነው። የእናንተ አነዳድ ራሱ በሁለት ሰከንድ የሚዋዥቅ ከሆነ ያቺ ትንሽ ለውጥ ትጠፋለች፤ በጫጫታ መሃል ሹክሹክታ እንደ መስማት ነው። መጥፎውን ለውጥ ጥሩ፣ ጥሩውንም መጥፎ ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ሁሉም ዙሮች በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሲሰበሰቡ መኪናው የሚለው መሰማት ይጀምራል።

ጎማ፦ ሁሉም ነገር የሚያልፍበት በር

መኪናው መሬትን የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው። የትኛውም ሌላ ማስተካከያ የሚሠራው በእነዚያ አራት ቦታዎች በኩል ስለሆነ የጎማ ንፋስ ልክ ሳይሆን ሌላውን መንካት ድካም ነው። በአሁኑ የጨዋታው ይዞታ ለጂ.ቲ. 3 የደረቅ መንገድ ጎማ የሚፈለገው ከ26 እስከ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ነው፤ ይህም ጎማው ከሞቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ዙር ነድታችሁ ስታበቁ ያለውን ንባብ ተመልከቱ እንጂ ስትወጡ ያለውን አይደለም።

ንፋስ ሲሞቅ ግፊቱ ለምን ይጨምራል? አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው የጋዝ ሕግ ነው። ጎማው ስፋቱን ብዙም ስለማይለውጥ ግፊቱ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ሲሰላ ግን ሁለቱም በፍጹም ልኬት መወሰድ አለባቸው። በባሕር ጠለል አካባቢ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 22 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ እንውሰድ። የከባቢ አየር ግፊት 14.7 ሲደመርበት 36.7 ይሆናል። ጎማው 80 ዲግሪ ሲደርስ ሙቀቱ ከ293 ወደ 353 ኬልቪን አደገ፤ ግፊቱም ወደ 44.2 ይወጣል። የከባቢ አየሩን ስንቀንስ መለኪያው 29.5 ያሳያል። ማንም ንፋስ ሳይጨምርበት ሰባት ተኩል ጨመረ ማለት ነው። ጎማው በማሞቂያ ተሸፍኖ ቆይቶ ከወጣ ጭማሪው ከዚህ ያንሳል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ተጫዋቾች በልምድ የያዙት መለኪያም አለ፤ የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱን በ0.1 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ መቀነስ፣ ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ መጨመር።

ይህ እውቀት ከጨዋታው ውጪም ይጠቅማል። ከደጋ ተነስቶ ወደ አዋሽና አፋር ቆላ የሚወርድ ሹፌር መንገድ ላይ ቆሞ ሲለካ ንፋሱ ጨምሮ ያገኘዋል። «በዛ» ብሎ ቢያስተነፍሰው ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ጎኑ ሲተጣጠፍ ይበልጥ ይሞቃል፤ የሚፈነዳውም እንዲህ ሲሆን ነው። በብዙ መኪኖች የሹፌር በር አካባቢ የተለጠፈው ቁጥር ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ የሚለካ ነው። ቤተሰብ ለጉዞ ሲነሳ ይህን የሚያስታውስ አንድ ልጅ ቤት ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው።

ሌላው የጎማ ማስተካከያ ካምበር ነው፤ የጎማው አናት ወደ መኪናው ውስጥ ማዘንበል። መኪናው ሲታጠፍ ወደ ውጪ ስለሚያጋድል ያዘነበለው ጎማ ያን ጊዜ ሙሉ ፊቱን መሬት ላይ ያሳርፋል። ዋጋው ደግሞ ቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈላል፤ ፍሬን ሲያዝ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ብቻ ይሠራል። ሴታፕ ውስጥ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ከዚህ ጀምሩና ልብ በሉ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

«መኪናው አስቸገረኝ» ማለት ለሐኪም «አሞኛል» እንደ ማለት ነው። ሐኪሙ የት፣ መቼ፣ ምን ስታደርግ ብሎ እንደሚጠይቅ እኛም ሦስት ነገር መጠየቅ አለብን።

የመጀመሪያው የትኛው ጫፍ ነው የሚለው ነው። መሪውን አዙራችሁ አፍንጫው አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጪ ከሄደ የፊቱ ጎማዎች መያዝ አቅቷቸዋል፤ ይህ አንደርስቲር ይባላል። ጭራው ካመለጠና መኪናው መዞር ከፈለገ የኋላዎቹ ናቸው ያቃታቸው፤ ይህ ደግሞ ኦቨርስቲር ነው።

ሁለተኛው በኩርባው የትኛው ክፍል ላይ ነው የሚለው ነው። ፍሬን ይዛችሁ ስትገቡ ነው? መሃል ላይ ሁለቱንም ፔዳል ለቅቃችሁ ስትንሸራተቱ ነው? ወይስ ነዳጅ ረግጣችሁ ስትወጡ?

ሦስተኛው በምን ፍጥነት የሚለው ነው። በዘገምተኛ ኩርባ የሚታይ ችግር በአብዛኛው የሞላ፣ የአሞርዛተርና የዲፈረንሻል ጉዳይ ነው። በፈጣን ኩርባ ብቻ የሚታይ ችግር ግን በአብዛኛው የአየር ጉዳይ ነው። የአየር ኃይል በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ከ100 ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደረስ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ወደ ኋላ የሚጎትተውም ኃይል እንዲሁ።

ከመልሶቹ ወደ ማስተካከያው

ፍሬን ይዛችሁ ስትገቡ ጭራው የሚያመልጥ ከሆነ የፍሬኑን ክፍፍል ጥቂት ወደ ፊት ውሰዱት። ለምሳሌ 56 በመቶ ሲል ከፍሬኑ ኃይል 56 በመቶው ፊት፣ 44ቱ ኋላ ይሠራል ማለት ነው። አፍንጫው አልገባ ካለ ጥቂት ወደ ኋላ መልሱት። ይህ እየነዳችሁ የምትለውጡት ስለሆነ ለሙከራ ምቹ ነው።

በዘገምተኛ ኩርባ መሃል ላይ ለሚታይ ችግር ቀዳሚው መሣሪያ አንቲ ሮል ባር ነው፤ የግራና የቀኝ ጎማን አያይዞ መኪናው እንዳያጋድል የሚይዝ ብረት ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፤ የጠነከረው ጫፍ መያዝን ያጣል፣ የለሰለሰው ያገኛል። ለምን? ጎማ የተጫነበት ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚይዘው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ ከእጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ጎማዎች ጭነቱን በእኩል ሲጋሩት በድምሩ የበለጠ ይይዛሉ። የኋላው ባር ሲጠነክር ከጎን ወደ ጎን የሚሸጋገረው ጭነት ይበልጡን በኋላ በኩል ያልፋል፤ የኋላ ጎማዎች ጭነት ይበላለጣል፤ ጭራውም ይቀላል። ጭራው ካመለጠ የኋላውን አለስልሱ፤ አፍንጫው አልታጠፍ ካለ የፊቱን አለስልሱ ወይም የኋላውን አጠንክሩ።

አሞርዛተር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ስሎው» እና «ፋስት» የሚሉት ቃላት የመኪናውን ፍጥነት አያመለክቱም፤ የአሞርዛተሩ ዘንግ የሚገባና የሚወጣበትን ፍጥነት ነው። በ250 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ መሪውን ቀስ ብላችሁ ብታዞሩ የሚሠራው «ስሎው» ነው። በዝግታ እየሄዳችሁ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ብትመቱ የሚሠራው «ፋስት» ነው። ጠርዝ ስትነኩ መኪናው የሚዘል ከሆነ «ፋስት» የሚለውን ማለስለስ ሞክሩ።

በፈጣን ኩርባ ላይ የኋላ ክንፍ ሲጨመር ጭራው ይረጋጋል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን መኪናው ይዘገያል። የመኪናው የኋላ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ የአየሩ ጫና ወደ ፊት ያደላል፤ አፍንጫው ይነቃል፣ ጭራው ይቀላል። የክንፉ ምርጫ መንገዱን ይከተላል። 5.793 ኪሎ ሜትር የሆነው የጣሊያኑ ሞንዛ ረጃጅም ቀጥታዎች ስላሉት ትንሽ ክንፍ ይወዳል። 4.381 ኪሎ ሜትር የሆነው የሃንጋሪው ሁንጋሮሪንግ ኩርባው ብዙ፣ ቀጥታው አጭር ስለሆነ ብዙ ክንፍ ይፈልጋል።

አንድ ምሳሌ ከሞንዛ

በሞንዛ ሁለት ችግር ነበረብኝ። ከመጀመሪያው ጠባብ ኩርባ ከሬቲፊሎ ስወጣ ነዳጅ ስረግጥ ጭራው ያመልጣል። በመጨረሻው ረጅም ኩርባ በፓራቦሊካ ደግሞ አፍንጫው አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጪ ይሄዳል። አንዱ ቦታ ጭራ፣ ሌላው ቦታ አፍንጫ! ግራ ገባኝና በአንድ ምሽት ክንፉን፣ ሞላውንና ዲፈረንሻሉን አንድ ላይ ቀየርኩ። ሰዓቴ ባሰ። ከሦስቱ የትኛው እንዳበላሸው ለማወቅ ምንም መንገድ አልነበረኝም። ያን ምሽት ሙሉ በሙሉ አባከንኩት።

በማግስቱ በሦስቱ ጥያቄዎች ጀመርኩ። ሬቲፊሎ ዘገምተኛ ነው፤ ችግሩ በጭራው፣ በመውጫው ላይ ነው። የኋላውን አንቲ ሮል ባር በአንድ ደረጃ አለስልሼ አምስት ዙር ነዳሁ። ጭራው ረጋ። ፓራቦሊካ ላይ ግን አፍንጫው ይበልጥ ሰነፈ፤ ይህም የሚጠበቅ ነበር፤ ለጭራው የሰጠሁት ለአፍንጫው አልተረፈም። ፓራቦሊካ ፈጣን ስለሆነ መፍትሔውን በአየሩ በኩል ፈለግሁ። የኋላውን ክንፍ በአንድ ደረጃ ቀንሼ ሌላ አምስት ዙር ነዳሁ። አፍንጫው ገባ፤ ቀጥታው ላይም ፍጥነት ጨመረ። አዲስ ችግር ግን መጣ፤ ወደ አስካሪ ለመግባት ፍሬን ስይዝ ጭራው መነቅነቅ ጀመረ። የፍሬኑን ክፍፍል ግማሽ በመቶ ያህል ወደ ፊት ወሰድኩት። እንደገና አምስት ዙር። ተረጋጋ።

አሁን ከፈጣኖቹ የምዘገየው በሦስት ሰከንድ ነው። ካገኘኋቸው ሦስት ሰከንዶች ከሴታፑ የመጣው ግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ቀሪው የመጣው እያንዳንዱን ለውጥ ለመፈተን ስል ያንኑ መንገድ በጥንቃቄ ደጋግሜ በመንዳቴ ነው። ይህን ለመደበቅ አልፈልግም፤ ምክንያቱም የነገሩ ቁም ነገር ያለው እዚሁ ላይ ነው። ያወረድኩት ፋይል ሊሰጠኝ የማይችለው ይህን ነበር።

ደብተር፣ ነዳጅና ሰዓት

ሦስት ምክር ጨምሬ ላብቃ። አንደኛ፣ ደብተር ያዙ። ምን እንደቀየራችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደሆነና የአምስቱን ዙር ሰዓት ጻፉ። «ምን ጠበቅሁ» የሚለው ከሁሉ ይበልጣል፤ ግምታችሁን አስቀድማችሁ ካልጻፋችሁ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ «ድሮም አውቄው ነበር» ማለት ይቀናችኋል። ከአምስቱ ዙር ጥሩውን ብቻ መርጣችሁ አትውሰዱ፤ አምስቱንም ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ዙር የሚፈጥን ሴታፕ ለአንድ ሰዓት ውድድር ላይሆን ይችላል። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.75 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 100 ሊትር የያዘ መኪና ባዶ ከሆነው 75 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። አንድ ሙሉ ሰው እንደ ማሳፈር ነው። በባዶ ታንክ ፈትናችሁ በሙሉ ታንክ ብትወዳደሩ ሌላ መኪና ነው የምትነዱት። እውነተኛ ሴታፕ ጎማው ሲያረጅና ሹፌሩ ሲደክምም የሚታመን ነው።

ሦስተኛ፣ ሰዓታችሁን ወስኑ። መሪ የሌላችሁ በጌምፓድም ቢሆን ይህን ሁሉ መሞከር ትችላላችሁ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች መሣሪያ አይመርጡም። ነገር ግን «አንድ ዙር ብቻ» የምትለዋ ቃል ማለቂያ የላትም። እኛ ዶርም አንድ ሙከራ ማለት አንድ ለውጥና አምስት ዙር ነው፤ በሞንዛ ከነዝግጅቱ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ደብተሩ ይጻፋል፣ መሪው ለቀጣዩ ይተላለፋል። አዛን ሲሰማ ደግሞ ላፕቶፑ ይዘጋል፤ ያልተጠናቀቀው ሙከራ ደብተሩ ላይ ስለተጻፈ ነገ ካቆመበት ይቀጥላል።

መልካም ሙከራ ይሁንላችሁ። ወሰላሙ ዓለይኩም።